ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተፋጠነ የነርሲንግ ትምህርት በአሜሪካ፦ ከማመልከቻ እስከ ቅበላ

በዩናይትድ ስቴትስ በሌላ ሙያ የባችለር ዲግሪ የያዘ ሰው እንደገና አራት ዓመት ሳይማር የነርሲንግ ባችለር የሚያገኝበት የተፋጠነ ፕሮግራም አለ። ትምህርቱ እንደየዩኒቨርሲቲው ከ11 እስከ 18 ወር ይፈጃል። አመልካቹ ታሪክ፣ ሒሳብ አያያዝ ወይም ምሕንድስና ያጠና ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞው ዲግሪ የአጠቃላይ ኮርሶችን ድርሻ ስለሚሸፍንለት ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ወደ ነርሲንጉና ወደ ሆስፒታል ልምምዱ ይገባል። ይህን አካሄድ በሀገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1971 የጀመረው የሴይንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኞቹ ግዛቶች ይሰጣል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የ15 ወር ፕሮግራም እና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ይጠቀሳሉ። ተመራቂው እንደማንኛውም የነርሲንግ ተማሪ ኤንክሌክስ አርኤን የተባለውን የፈቃድ ፈተና ይወስዳል፤ በተፋጠነ መንገድ መማሩም በፈቃዱ ላይ አይጻፍም።

በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ወራት ግን ከቅበላ በኋላ ያለውን ጊዜ ብቻ ይቆጥራሉ። ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት የሳይንስ መሠረት ለሌለው ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ብዙ ማመልከቻዎችም የሚሰናከሉት በዚህ ዝግጅት ቅደም ተከተል እንጂ በድርሰቱ ማማር ወይም አለማማር አይደለም።

መንገዱ ለማን ነው?

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ከሀገር ቤት የማኔጅመንት ወይም የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዘው መጥተው በአረጋውያን መጦሪያና በቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ፕሮግራሙም ለእነርሱ ልክ የተሰፋ ይመስላል። በኢትዮጵያ ነርስ የነበረ ሰው ግን እዚህ ወረፋ ውስጥ መግባት አይኖርበትም። የእርሱ መንገድ የውጭ ትምህርቱንና ፈቃዱን ሲጂኤፍኤንኤስን (ዛሬ ትሩሜሪት የሚባለውን) በመሰለ ተቋም አስመርምሮ፣ የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ሲፈቅድለት በቀጥታ ለኤንክሌክስ መቀመጥ ነው። ይህን ሳያጣራ ሙያውን ሀ ብሎ እንደገና ለመማር የሚከፍል ሰው ጊዜውንም ገንዘቡንም ያባክናል።

ሌሎች ሁለት አማራጮችም ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የአሶሺዬት ዲግሪ ነው። እንደ ሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ኮሌጅና ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ባሉ ኮሌጆች፣ ከመግባት በፊት ከሚወሰዱት ቅድመ ሁኔታ ኮርሶች በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ዋጋው እጅግ ዝቅ ያለ ሲሆን የሚያስፈትነውም ያው ኤንክሌክስ ነው። ሆኖም የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2010 ባወጣው ዘገባ በ2020 ከነርሶች 80 በመቶው ባችለር እንዲኖራቸው ከመከረ ወዲህ ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባችለር ያለውን ያስቀድማሉ። የኒው ዮርክ ግዛትም በ2017 በወጣ ሕግ አዲስ ነርሶች ፈቃድ ባገኙ በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ አስገድዷል። ሁለተኛው አማራጭ በቀጥታ ወደ ማስተርስ የሚያስገባው ነው፤ ለምሳሌ ጆንስ ሆፕኪንስ የተፋጠነውን ባችለር ትቶ በዚህ ዓይነት ማስተርስ ተክቶታል። የትምህርት ክፍያ መሸፈን ለሚያሳስበው ሰው ግን የመጀመሪያው አማራጭ ከሚወራበት በላይ ብልህነት አለው። ቤተሰብ የሚያስተዳድርና ሥራ ማቆም የማይችል አመልካች በአሶሺዬት ፈቃዱን አግኝቶ፣ ባችለሩን እየሠራ፣ ብዙ ጊዜም በአሠሪው ድጋፍ መጨረስ ይችላል።

ቅድመ ሁኔታ ኮርሶች

አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለትን ከነላብራቶሪያቸው፣ ማይክሮባዮሎጂን ከነላብራቶሪው፣ ስታቲስቲክስን፣ ሥነ ምግብን እና ከልደት እስከ እርጅና ያለውን ዕድገት የሚያጠናውን ሳይኮሎጂ ይጠይቃሉ፤ ኬሚስትሪ የሚጨምሩም አሉ። ችግሩ የኮርሶቹ ብዛት ሳይሆን ተከታታይነታቸው ነው። በብዙ ኮሌጆች ጠቅላላ ባዮሎጂ ሳይወሰድ አናቶሚ አንድ አይከፈትም፣ አንድ ሳያልቅ ሁለት አይወሰድም፤ ማይክሮባዮሎጂም የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። በዚህ ስሌት ከባዮሎጂ ውጭ የተማረ ሰው፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ቢሳካለት እንኳ፣ ቢያንስ ሦስት ሴሚስተር ያስፈልገዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሊወሰድ የሚገባው በሰንሰለቱ መነሻ ላይ ያለው ባዮሎጂ ነው። ሥነ ምግብና ሳይኮሎጂ የሚቀድማቸው ስለሌለ በየትኛውም ክፍተት ይገባሉ፤ «ቀለል ባሉት ልጀምር» ብሎ እነርሱን ያስቀደመ ተማሪ ሳያውቀው ግማሽ ዓመት ያጣል።

አናቶሚ ብዙዎችን የሚያንገዳግድ ኮርስ ነው። የላብራቶሪ ፈተናው በየጠረጴዛው በተቀመጡ አጥንቶች፣ ሞዴሎችና የማይክሮስኮፕ ስላይዶች ላይ ቁጥር ተለጥፎ የሚሰጥ ሲሆን፣ ተማሪው በእያንዳንዱ ጣቢያ ለአጭር ጊዜ ቆሞ የቀስቱ ጫፍ የነካውን ቀዳዳ ወይም ጡንቻ ስም በትክክለኛ አጻጻፍ ይመዘግባል። ደወሉ ሲሰማ ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ይሄዳል፤ ወደኋላ መመለስ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ሌሊት ሲሠራ አድሮ ጠዋት ወደ ላብራቶሪ የሚገባ ሰው ይህን ኮርስ ከሌላ ከባድ ኮርስ ጋር ባይደርበው ይሻላል፤ በአናቶሚ የመጣ ሲ በሥነ ምግብ ኤ አይካካስም፣ ምክንያቱም ብዙ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኮርሶችን አማካይ ለብቻው ያወጣሉ።

የጊዜ ገደብም አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኮርሶቹ ባለፉት 5 ወይም 7 ዓመታት የተወሰዱ እንዲሆኑ ስለሚፈልጉ፣ ከዓመታት በፊት በባዮሎጂ የተመረቀ ሰውም አናቶሚን ሊደግም ይችላል። አንዳንዶች በኦንላይን የተወሰደ ላብራቶሪ አይቀበሉም፤ አንዳንዶች ከሁለት ጊዜ በላይ የተደገመ ኮርስን አይቆጥሩም። ይህ ሁሉ በየትምህርት ቤቱ ስለሚለያይ ለመመዝገብ ከመነሣት በፊት ሊያመለክቱባቸው ያሰቧቸውን የአራት ወይም የአምስት ትምህርት ቤቶች መስፈርት በአንድ ገበታ ጎን ለጎን መጻፍና ከሁሉም ጥብቅ የሆነውን መከተል ይመከራል።

ከኢትዮጵያ የመጣ ዲግሪ

በውጭ ሀገር የተገኘ ዲግሪ በኮርስ ደረጃ መገምገም አለበት፤ ይህን የሚሠሩት እንደ ደብሊውኢኤስና ኢሲኢ ያሉ ድርጅቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ትራንስክሪፕቱን በአመልካቹ እጅ አይቀበሉትም፣ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ። ሀገር ቤት ያለ ወንድም፣ እህት ወይም የቅርብ ወዳጅ በውክልና ወደ ሬጅስትራሩ ካልተመላለሰ ጉዳዩ ይጓተታል፤ ስለዚህ ከሁሉም ሥራ አስቀድሞ፣ ባዮሎጂ ከመጀመሩም በፊት፣ መነሣት ያለበት ይህ ነው። በሦስት ዓመት የተጠናቀቀ ዲግሪ በሁሉም ገምጋሚና በሁሉም ትምህርት ቤት ዘንድ እኩል አይታይምና፣ ለግምገማው ከመክፈል በፊት የታሰበው ትምህርት ቤት የየትኛውን ገምጋሚ ውጤት እንደሚቀበል በኢሜይል ጠይቆ መልሱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠቱም ብቻውን ከቶፍል ፈተና ነጻ አያወጣም፤ የሚቀበሉት አሉ፣ የማይቀበሉትም አሉ።

ማመልከቻው

ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት ነርሲንግካስ በተባለው የጋራ የኦንላይን አገልግሎት ነው። አመልካቹ የተማረባቸውን ኮሌጆች በሙሉ፣ አንድ ኮርስ ብቻ ወስዶ ያቋረጠበትን ሳይቀር፣ መዘርዘርና እያንዳንዱን ኮርስ ከትራንስክሪፕቱ ላይ በኮድ፣ በክሬዲትና በውጤት መስመር በመስመር መመዝገብ አለበት። አገልግሎቱ ጂፒኤን የሚያሰላው ሁሉንም ሙከራዎች ቆጥሮ ነው፤ ኮሌጁ የድሮውን ኤፍ በአዲሱ ቢ ተክቶት ቢሆንም በነርሲንግካስ ስሌት ሁለቱም ይገባሉ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ዝቅተኛ መግቢያ ብለው የሚያስቀምጡት ጂፒኤ 3.0 ቢሆንም፣ ይህ ለመወዳደር የሚያበቃ እንጂ ለመግባት የሚያስችል ቁጥር አይደለም። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እንደገለጸው በ2023 ብቻ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች 65,766 መስፈርት ያሟሉ ማመልከቻዎችን መልሰዋል፤ ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል የመምህራንና የልምምድ ቦታ እጥረት ይገኙበታል። ቁጥሩ የማመልከቻ እንጂ የሰው አይደለም፤ አንድ ሰው ብዙ ቦታ ስለሚያመለክት ስፋቱን በዚያው ልክ መረዳት ይገባል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቲስ ወይም ሄሲ የተባለ የመግቢያ ፈተና ይጠይቃሉ። ቲስ በንባብ፣ በሒሳብ፣ በሳይንስና በእንግሊዝኛ 170 ጥያቄዎች ሲኖሩት የሚሰጠው ጊዜ 209 ደቂቃ ነው። አናቶሚ ሁለትን እንደጨረሱ ወዲያው መውሰዱ ይጠቅማል። የድጋፍ ደብዳቤዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ፣ ቢያንስ አንዱ ከመምህር እንዲሆን ይፈለጋል፤ በኦንላይን ክፍል ስሙን እንኳ የማያውቀው መምህር ጥሩ ደብዳቤ ሊጽፍለት ስለማይችል፣ በሳይንስ ኮርሶች ወቅት በቢሮ ሰዓት ብቅ ብሎ መታወቅ የማመልከቻው አንድ አካል ነው።

በግል መግለጫው ላይ ሰው መርዳት እንደሚወድ የማይጽፍ አመልካች የለም፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ማንንም ከማንም አይለይም። በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) የሠራ አመልካች ግን የሚጽፈው አለው። የፌዴራሉ ሕግ ለሲኤንኤ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ ማለትም ታካሚን ማገላበጥ፣ ማጠብና መመገብ እንዲሁም የቆዳ መቅላትን አይቶ ለነርሷ መንገር፣ ነርሲንግ ምን እንደሆነ በዓይኑ ያየ ሰው መሆኑን ያስረዳል። አንድ የሥራ ፈረቃ በዝርዝር መተረክ ከሦስት አንቀጽ የዓላማ መግለጫ ይበልጣል። የታካሚው ስምና ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ግን መጻፍ የለበትም፤ የመግቢያ ኮሚቴው አባላት ነርሶች ስለሆኑ ይህን ስሕተት ወዲያው ያዩታል።

ገንዘቡና የትምህርት ቤቱ ምርጫ

ክፍያው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪ መጠነኛ ሲሆን በታወቁ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ከ100 ሺህ ዶላር ያልፋል። ባችለር ያለው ሰው ፔል ግራንት የተባለውን የማይመለስ የፌዴራል ድጎማ አያገኝም፤ ዲግሪው ከኢትዮጵያ ቢሆንም ያው ነው። «የሀገር ቤቱን አትናገር» የሚል ምክር በማኅበረሰቡ ውስጥ አይጠፋም፤ ፋፍሳ በተባለው የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ላይ ዲግሪ የለኝም ማለት ግን በፌዴራል ሰነድ ላይ ሐሰት መጻፍ ነው፣ በዚያው ዲግሪ ለነርሲንግ ባመለከተ ሰው ላይ ደግሞ ለመታወቅ ጊዜ አይወስድም። የቀረው የፌዴራል ብድር ነው። ራሱን ለቻለ የባችለር ተማሪ ጠቅላላ ጣሪያው 57,500 ዶላር ሲሆን፣ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በአንድ የትምህርት ዓመት ከ12,500 ዶላር አይበልጥም። በአሜሪካ ተበድሮ የመጀመሪያውን ዲግሪ የሠራ ሰው ጣሪያውን አስቀድሞ ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ በኢትዮጵያ የተማረው ግን ሙሉውን ይዞ ይጀምራል፣ የሚያግደው የዓመቱ ገደብ ነው። ነርስ ኮር የተባለው የፌዴራል ስኮላርሺፕ ክፍያውን ሸፍኖ ወርኃዊ ድጎማ ይጨምራል፤ በምትኩ ተመራቂው የነርስ እጥረት ባለበት ተቋም ቢያንስ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ለዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ክፍት ስለሆነ በዲቪ የመጡም ሊያመለክቱ ይችላሉ።

ትምህርት ቤት ሲመረጥ የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ፣ የነርሲንግ ትምህርትን ጥራት የሚመዝኑት የሲሲኤንኢ ወይም የኤሲኢኤን እውቅና እና የተመራቂዎቹ የኤንክሌክስ ማለፊያ መቶኛ ይታያሉ፤ መቶኛውን ብዙ ቦርዶች በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። በጥር 2023 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በፍሎሪዳ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማዎች ተሽጠዋል ብሎ 25 ሰዎችን ከሰሰ፤ ዲፕሎማውን የያዙ ብዙ ሰዎችም ፈቃዳቸው ተመረመረ። ቅድመ ሁኔታ ኮርስ ሳይጠይቅና የሆስፒታል ልምምድ ሳያሳይ «በጥቂት ወር እናስመርቃለን» የሚል ቦታ ከተገኘ መራቅ ነው።

ከቅበላ በኋላ

የቅበላ ደብዳቤው እንደመጣ የማይመለስ ቀብድ ይከፈላል፤ ቀጥሎም የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ፣ የልብና ሳንባ ማነቃቂያ ሥልጠና እና የክትባት ማስረጃዎች ይጠየቃሉ። የኩፍኝ፣ የጉድፍና የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ በደም ምርመራ ሊረጋገጥ ስለሚችል የልጅነት የክትባት ካርድ መጥፋቱ መንገድ አይዘጋም። በኢትዮጵያ በሕፃንነቱ ቢሲጂ የተከተበ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል፦ በክንድ ቆዳ ላይ የሚደረገው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በክትባቱ ምክንያት በሽታው ሳይኖር አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። የደም ምርመራው በቢሲጂ ስለማይነካ ከመጀመሪያው እርሱን መጠየቅ አላስፈላጊ ከሆነ የደረት ራጅና ከመዘግየት ያድናል።

ትምህርቱ ሲጀመር ሳምንቱ በክፍል፣ በሲሙሌሽን (በሰው አምሳያ ላይ ልምምድ በሚደረግበት) ላብራቶሪና ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት በሚፈጅ የሆስፒታል ልምምድ ይሞላል። የግዛቶቹ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት በ2014 ያወጣው ጥናት እስከ ግማሽ የሚሆነው ልምምድ ጥራት ባለው ሲሙሌሽን ቢተካ ውጤቱ እንደማይለይ አሳይቷል፤ ስንቱ እንደሚፈቀድ ግን የየግዛቱ ቦርድ ይወስናል። ትምህርት ቤቶቹ ሥራ እንዳይሠራ ይመክራሉ፤ የሚሠራው ሰው ቅዳሜና እሑድን ብቻ ይዞ ቢጀምርና የመጀመሪያውን ፈተና ውጤት አይቶ ቢወስን ይሻለዋል። ከምረቃ በኋላ የሚወሰደው ኤንክሌክስ እንደ ተፈታኙ መልስ የሚከብድና የሚቀል የኮምፒውተር ፈተና ሲሆን፣ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ እና ቢበዛ 5 ሰዓት አለው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የነርሲንግ ፈቃድ ስምምነቱ አባላት በመሆናቸው፣ መስፈርቱን አሟልቶ በአንዱ የብዙ ግዛት ፈቃድ ያገኘ ነዋሪ ሌላ ፈቃድ ሳያወጣ በሌላውም መሥራት ይችላል።