ፕሮቲንና አካባቢው፤ ከአራት ኪሎ እስከ ፍልውሃ

ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሥጋ፣ እንቁላልና ምስር ነው። ነገሩ ግን ከሳህን ያልፋል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰው፣ ምግብ የሚፈጨው፣ ጡንቻ የሚያኮማትረው፣ ተሕዋስያንን የሚከላከለው ፕሮቲን ነው። ሁሉም የሚገነቡት በመሠረቱ ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። አሚኖ አሲዶቹ በሰንሰለት ይያያዛሉ። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። አብዛኛው ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው ይህን ቅርጽ እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው።

ቅርጹ ደግሞ የምናስበውን ያህል የጸና አይደለም። በተጣጠፈውና በተፈታው ፕሮቲን መካከል ያለው የኃይል ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ በሞል ከ20 እስከ 60 ኪሎጁል አካባቢ ነው። ይህ የጥቂት ሃይድሮጅን ትስስሮች (በአተሞች መካከል ያሉ ደካማ መሳሳቦች) ያህል ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ አተሞች ያሉት አካል በዚህች ትንሽ ልዩነት ይቆማል። ስለዚህ ሙቀት፣ አሲድነት፣ ጨው፣ የሚጣበቁበት ማዕድናት፣ ሁሉም ሚዛኑን ሊያዛቡት ይችላሉ።

ቅርጹን አጥብቆ የሚይዘው ምንድን ነው? ትልቁ ድርሻ የውሃ ነው። ውሃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ውሃ የሚወዱት ከውጭ ይቀራሉ። በዚህ ላይ የሃይድሮጅን ትስስር፣ በተቃራኒ የኤሌክትሪክ ቻርጆች መካከል ያለ መሳሳብና ሁለት የሰልፈር አተሞች የሚፈጥሩት ጠንካራ ድልድይ ይጨመራሉ። አሜሪካዊው ባዮኬሚስት ክርስቲያን አንፊንሰን ራይቦኑክሊየዝ የተባለውን ባለ 124 አሚኖ አሲድ ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) በኬሚካል ፈታው። አራቱን የሰልፈር ድልድዮችም በጠሰ። ኬሚካሉ ሲወገድ ኢንዛይሙ ራሱ ተጣጥፎ ሥራውን ቀጠለ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የቅርጹ መመሪያ በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ እንዳለ ያሳየው ይህ ነው። ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ኢንዛይሙ የተመለሰው ተስማሚ አካባቢ ስላገኘ ነው። በእኛ የትምህርት ክፍሎች ቅደም ተከተሉ በደንብ ይሸመደዳል፣ አካባቢው በአንድ መስመር ይታለፋል። ይህ መስተካከል አለበት ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ እንደኛ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው።

መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ፒያሳ ላይ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እሳቱን ብንጨምርም ክዳኑ እስካልታሸገ ድረስ ውሃው ከዚያ አይሞቅም። ይህ ለፕሮቲን ትልቅ ጉዳይ ነው። የእንቁላል ነጭ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች በአንድ ጊዜ አይረጉም። አንዳንዶቹ ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ይጀምራሉ፤ በብዛት የሚገኘው ኦቫልቡሚን ግን 80 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ እንቁላሉ እዚህም ይበስላል፣ ጥቂት ደቂቃ ተጨማሪ ይወስዳል እንጂ። ቅቅል ላይ ግን ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ጅማትን ጠንካራ የሚያደርገው ኮላጅን ወደ ጄላቲን የሚለወጠው በሙቀትና በጊዜ ነው። ሙቀቱ ሲቀንስ ጊዜው ይረዝማል። አጥንት ያለው ሥጋ በሰዓታት የሚጣደው ለዚህም ነው።

ክትፎ ቤት ውስጥ «ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይስ የበሰለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ምርጫው የፕሮቲን ምርጫ ነው። ማዮሲን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን ከ50 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መፈታት ይጀምራል። ሥጋው ገና ለስላሳ ነው፣ ቀይነቱም አልጠፋም። ሙቀቱ ከ60 ሲያልፍ ቀይ ቀለም የሚሰጠው ማዮግሎቢን ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ወደ 70 እና 80 ሲጠጋ ደግሞ አክቲን ይፈታል፤ ሥጋው ውሃውን ጨምቆ ያወጣና ይደርቃል።

ከፍታው በላቦራቶሪም ይከተለናል። በአራት ኪሎም ሆነ በጥቁር አንበሳ ዙሪያ ባሉ ላቦራቶሪዎች ዕቃ የሚመከንበት ኦቶክሌቭ የተሕዋስያንን ፕሮቲን በእንፋሎት የሚያፈርስ መሣሪያ ነው። የተለመደው ልክ 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ሙቀት የሚገኘው የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 19 ያስፈልጋል፤ መለኪያው የሚቆጥረው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነውና። ግፊቱን ብቻ አይቶ ሰዓት መቁጠር የጀመረ ሰው ያልመከነ ዕቃ ሊያወጣ ይችላል። የሙቀት መለኪያውን ማንበብ ነው የሚሻለው።

አሲድነት ሌላው ኃይል ነው። ትኩስ ወተት ቢፈላ አይቆራረጥም። ያደረ ወተት ግን ገና ሲሞቅ ይበጣጠሳል። የወተት ዋና ፕሮቲን ኬዚን ሙቀትን በደንብ ይችላል፤ ችግሩ አሲድ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ወደ 4.6 ሲወርድ በኬዚን ላይ ያለው ቻርጅ ይጠፋፋል። እርስ በርስ መገፋፋታቸው ይቀርና ይጣበቃሉ። እርጎ የሚረጋው እንዲህ ነው። ቅቤው ወጥቶ የቀረው አሬራ ለብ ሲደረግ አይቡ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይለያል። እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ እሳቱን የሚያሳንሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አሲዱ ሥራውን ስለሠራ ብዙ ሙቀት አያስፈልግም፣ ከበዛም አይቡ ይደርቃል።

የውስጥና የውጭ ምክንያት አብረው ሲሠሩ ለማየት በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚያመላልሰው ፕሮቲን ከሄሞግሎቢን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጠዋት መስቀል አደባባይ ላይ የሚሮጥ ሰው ጡንቻው አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል። ሄሞግሎቢን ይህን ሲያገኝ ቅርጹን ትንሽ ይለውጥና ኦክስጅኑን በቀላሉ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1904 የዴንማርኩ ሳይንቲስት ክርስቲያን ቦርና ባልደረቦቹ የገለጹት ይህንን ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ቦሌ ላይ ሲወርድ ደግሞ በቀናት ውስጥ በቀይ የደም ሕዋሶቹ ውስጥ ቢፒጂ የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ይጨምራል። እሱም ኦክስጅኑ ለጡንቻ ቶሎ እንዲለቀቅ ያግዛል።

አሁን ቤታ ከሚባለው የሄሞግሎቢን ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲዶች 6ኛው ብቻ ይለወጥ። ግሉታሚክ አሲድ የነበረው ቫሊን ይሁን። ሲክል ሴል የሚባለው በሽታ ይህ ነው። የተለወጠው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲሞላ ብዙ ችግር አይፈጥርም። ኦክስጅን ሲጎድል ግን እየተያያዘ ረጅም ዘንግ ይሆናል፣ ሕዋሱንም ያጣምመዋል። የሰውነት ድርቀትና ከፍታ ለታማሚዎቹ አደገኛ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ፍልውሃስ? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዚሁ ፍል ውሃ ሰበብ ነው። ፍል ውሃ ለፕሮቲን ሳይንስም ባለውለታ ነው፤ የኛው ባይሆንም። በአሜሪካ የሎስቶን ከሚገኝ ፍል ውሃ የተገኘና እ.ኤ.አ. በ1969 የተገለጸ ባክቴሪያ ዓለም አቀፍ ለውጥ አመጣ። ታክ ፖሊመሬዝ የተባለው ኢንዛይሙ በ95 ዲግሪ እንኳ ቶሎ አይበላሽም። ዲኤንኤን አባዝቶ የሚያሳየው ፒሲአር ምርመራ ሙቀቱን ደጋግሞ ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚሠራው በእሱ ዓይነት ኢንዛይም ነው፤ በኮቪድ ወቅት የተደረጉትን ምርመራዎች ጨምሮ። ሙቀት የሚችሉ ፕሮቲኖች የተሠሩት ከተለየ ነገር አይደለም። አሚኖ አሲዶቹ እነዚያው 20ዎቹ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ውስጣቸው የጠበቀ ነው፣ በተቃራኒ ቻርጆች መካከል ያለው ትስስር ይበዛል፣ የሚወዛወዘው ክፍላቸው ያጥራል።

ዛሬ የፕሮቲን ቅርጽ በኮምፒውተር ይተነበያል። አልፋፎልድ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ከ200 ሚሊዮን በላይ ትንበያዎችን በነፃ አቅርቧል፤ ሠሪዎቹም እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፍለዋል። ለአራት ኪሎ ተማሪ ትልቅ ዕድል ነው። ፕሮቲኑ በስንት ዲግሪ፣ በየትኛው ፒኤች እንደሚፈታ ግን ሥዕሉ አይነግረውም። ያንን በሙከራ መለካት የግድ ነው።

ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ የሚመለከተው በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋውን ሰው ነው። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው ደግሞ አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ምቹ ነው። ስለዚህ መብራት ለሰዓታት ጠፋ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። የከፋው ስህተት ፍሪዘር ውስጥ መክተት ነው፤ በረዶ መሆን ኢንሱሊኑን ያበላሸዋል፣ ቢቀልጥም ተመልሶ አይሠራም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውና በኃይል መነቅነቅም እንዲሁ ሞለኪውሎቹን ያጣብቃል። ጥርት ብሎ መታየት ያለበት ዓይነት ከደፈረሰ ይጣል። ሳይደፈርስም አቅሙ ሊቀንስ ስለሚችል፣ መጠኑና አመጋገቡ ሳይለወጥ ስኳር ከፍ ካለ መድኃኒቱ የት እንደተቀመጠ ለፋርማሲስቱ መንገር ያስፈልጋል።