ክው ብሎ መቅረት ምንድን ነው? «ታዲያ ለምን አልጮኸችም?» ለሚሉ

«ሰው የማይፈልገው ነገር ሲመጣበት ወይ ይታገላል ወይ ይሮጣል፤ ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። እሷ ግን ዝም ብላ ተኝታለች።» የአስገድዶ መድፈር ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህን የሚጽፍ አይጠፋም። እኔን የሚያናድደኝ «ሳይንሱም» የምትለዋ ነች። «ታገል ወይ ሽሽ» መቶ ዓመት ያለፈው አባባል ነው፤ ያኔም ቢሆን ግማሹን ብቻ ነበር የሚናገረው። ቋንቋችን እንኳ ከዚህ ይሻላል፦ ክው አልኩ፣ ምላሴ ተሳሰረ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ፣ በድን ሆንኩ እንላለን።

ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። አደጋው ገና ራቅ ብሎ ሳለ ሰውነት ባለበት ቀጥ ይላል፤ የልብ ምት ለጥቂት ሰከንድ ዝቅ ይላል፣ ዓይን መውጫ ይፈልጋል። ይህ ዝግጅት ነው። ተይዞ መውጫ ሲጠፋ የሚመጣው ግን ሌላ ነው፤ በሙያው ቶኒክ ኢሞቢሊቲ ይባላል። ሰውዬው ራሱን አልሳተም፤ ይሰማል፣ ያያል። እጅና እግሩ ግን ግትር ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይበርደዋል፣ ሕመሙ ይደነዝዛል፣ ድምፅ ከጉሮሮው አይወጣም። ትእዛዙ የሚመጣው ፈቃድ ከማይጠይቀው የመካከለኛው አንጎል ክፍል ነው። «ልጩህ፣ በሩ በየት ነው» ብሎ የሚያቅደው ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ኖራድሬናሊንና ዶፓሚን በሚባሉ የአንጎል ኬሚካሎች ተጥለቅልቆ ሥራውን መሥራት አቅቶታል።

የበዓል ዶሮ አስቡ። በጀርባዋ አጋድማችሁ ለ15 ሰከንድ ያህል ያዝ አድርጓትና ልቀቋት። ብዙ ጊዜ አትነሳም። ዓይኗ እንደተከፈተ ለሰከንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ትጋደማለች፤ ከዚያ ድንገት ብድግ ብላ አጥር ላይ ናት። ተጋድማ ያያት «ለወጡ ተስማምታለች» አይልም። እንዲያውም ዶሮ የሚያጠኑ ባለሙያዎች የተጋደመችበትን ጊዜ የሚለኩት ፍርሃቷን ለማወቅ ነው፦ ረጅም የቆየችው የበለጠ የፈራችው ናት። አስተያየት ሰጪያችን ይህን መለኪያ ገልብጦ ይዞታል። ለዶሮዋ ነገሩ ጥቅም አለው፤ አዳኙ «ሞታለች» ብሎ ጥርሱን ሲያላላ ታመልጣለች። ደፋሪ ግን ዝምታውን ፈቃድ ብሎ ይቆጥረውና ይቀጥላል። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ዶሮዋን «ለምን አልጮህሽም?» የሚላት ዘመድ የለም።

በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ የስቶክሆልም ጥናት፣ ተደፍረው ድንገተኛ ክሊኒክ ከመጡ 298 ሴቶች መካከል 70 በመቶዎቹ በጥቃቱ ወቅት ጉልህ የሆነ መድረቅ እንደገጠማቸው ተናግረዋል፤ 48 በመቶዎቹ ደግሞ እጅግ የከፋውን። ከስድስት ወር በኋላም ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ጥቃት ወይም አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) እና ከባድ ድብርት በእነዚህ ላይ በዝቶ ታይቷል። እርግጥ የተለካው በራሳቸው ቃል ነው። ክው ማለት ብቻውን ጥቃት መፈጸሙን አያረጋግጥም፣ አለመኖሩም ጥቃቱን ሐሰት አያደርገውም። ደግሞም ወር ሳይሞላ «ፒቲኤስዲ አለባት» ማለት አይቻልም፤ ይህንንም የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው።

ቃል የምትቀበሉ ሰዎች «ለምን» የምትለዋን ተዉአት። «ያን ጊዜ ሰውነትሽ ምን ይሰማሽ ነበር? ድምፅሽስ?» በሉ፤ ከፈለገችበት ትጀምር። ሽታውን ወይም የመብራቱን ቀለም አጥርታ ነግራችሁ ቅደም ተከተሉን ብታዘበራርቀው አትደንግጡ፤ በዚያ ሰዓት አንጎል ትኩረቱ ያረፈበትን ነገር አጥብቆ ይይዛል፣ ሰዓትና ተራ ይጥላል።

«አልጮህኩምኮ» የሚለው ኀፍረት ብዙዎችን ቤት ያስቀምጣል፤ ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ይሠራል፣ እየዘገየ ሲሄድ ግን አቅሙ ይቀንሳል። የለበሰችው ልብስ አይታጠብ፤ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።