ጉልበታችሁን ከመክሰሳችሁ በፊት ኮርቻውን እዩት

«ሳይክል ጉልበት ይጨርሳል»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ሳይክል የማይነዱ ሰዎች ናቸው። ስንነዳ አብዛኛው ክብደታችን ኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ ጉልበት እንደ ሩጫ አይደበደብም። የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ሰዎች እንኳ ሳይክል የሚመከረው ለዚህ ነው። ችግሩ ድግግሞሹ ላይ ነው። በደቂቃ 80 ዙር ፔዳል የሚመታ ሰው እያንዳንዱን ጉልበቱን በሰዓት 4,800 ጊዜ ያጥፋል። የኮርቻው ትንሽ ስህተትም አብሮ 4,800 ጊዜ ይደጋገማል።

«ቁጭ ብዬ እግሬ መሬት ካልነካ የኮርቻው ከፍታ በዝቷል»

ብዙ ጉልበት ያስለቀሰው ይሄኛው ነው። እኔም ኮርቻዬን አውርጄ፣ ሁለቱን እግሬን መሬት አንፈራጥጬ ስቆም ደስ ይለኝ ነበር። ማታ ደረጃ ስወርድ ግን የጉልበቴ ሎሚ ዙሪያውን ይወጋኛል። ኮርቻ ዝቅ ሲል ጉልበት ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ሎሚውም ከጭን አጥንት ጋር ይጫናል።

መለኪያው ቀላል ነው። ግድግዳ ተደገፉና ኮርቻው ላይ ተቀመጡ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች አውርዱት። ዳሌያችሁ ወደ ጎን ሳያጋድል እግራችሁ ቀጥ ካለ ልኩ እሱ ነው። ስትነዱ ፔዳሉን የምትረግጡት በፊተኛው የእግር መዳፍ ስለሆነ ጉልበቱ ከታች ትንሽ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ይበቃል። መቆም ስትፈልጉ ከኮርቻው ውረዱ፣ አለቀ።

የሚያመው ቦታም ይናገራል። ከፊት ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ወደ ፊት ተጠግቷል። ከጉልበት ጀርባ ከሆነ ደግሞ ከፍ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ሸሽቷል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር በላይ አትነካኩት፤ ጥቂት ቀን ነድታችሁ እዩት።

«ከባድ ማርሽ ጡንቻ ያወጣል»

ጡንቻው እስኪወጣ ጉልበቱ ይቀድማል። ፔዳሉን እየታገላችሁ የምትገፉ ከሆነ ማርሹን ቀለል አድርጉት፤ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ለብዙ ሰው ይስማማል። ዳገት ላይ ደግሞ ማርሹን ቀድሞ መቀየር ነው፣ መሃል ላይ ተይዞ ከመንገታገት።

«ግፋበት፣ ሲሞቅ ይለቃል»

ሊለቅ ይችላል፣ በማግስቱ ግን ይመለሳል። በማስታገሻ የሕመሙን ድምፅ አጥፍቶ መንዳትም ያው ነው። እንደዚያም ሆኖ ለሳምንታት አልጋ ላይ መተኛት ጡንቻውን ያደክመዋል። ርቀቱን ቀንሱ፣ ዳገት ተዉ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት። ሻል ሲል የጭንና የዳሌ ጡንቻ ማጠንከር ጀምሩ።

ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ቆማችሁ መርገጥ ካቃታችሁ ወይም ቀልቶ ከተኮሰና ትኩሳት ካለ ግን ኮርቻውን ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ።