ሲኒየር ዳኛ ምንድን ነው?

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የጥገኝነት ጉዳይ የያዘ ሰው በኢሚግሬሽን ዳኛም በይግባኝ ቦርዱም ከተረታ የሚቀረው በር ሪችመንድ ያለው የአራተኛው ሰርኪዩት (የፌዴራል ይግባኝ ክልል) ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው፤ አቤቱታውንም በ30 ቀን ውስጥ ማስገባት አለበት። መዝገቡን ሦስት ዳኞች ያዩታል። ውሳኔው ሲመጣ ታዲያ ከአንዱ ዳኛ ስም አጠገብ «ሲኒየር» የሚል ቃል ሊኖር ይችላል። የሌሎቹ አለቃ ናቸው ማለት አይደለም። ጡረታ መውጣት እየቻሉ ያልወጡ ዳኛ ናቸው።

የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ፕሬዚዳንቱ አጭቶት ሴኔቱ ካጸደቀው ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው። ያረጀውን ዳኛ በግድ ማሰናበት ስለማይቻል፣ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1919 መካከለኛ መንገድ አበጀ። ዛሬ ባለው ደንብ ዕድሜና አገልግሎት ተደምሮ 80 ሲሞላ (65 ዓመት ዕድሜ ከ15 ዓመት አገልግሎት ጋር፣ ወይም 70 ከ10 ጋር) ዳኛው ከፈለጉ ወንበራቸውን ለተተኪ ይለቃሉ፤ መዝገብ ቀንሰው ግን ማስቻላቸውን ይቀጥላሉ። ደሞዛቸው አይነካም። ጠቅልለው ቤት ቢገቡም ያንኑ ያህል ገንዘብ ያገኙ ስለነበር፣ በነጻ ያገለግላሉ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

የኒው ዮርኩ ለርንድ ሃንድ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ1909 የመጀመሪያ ደረጃ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በ1924 የሁለተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ዳኛ ሆኑ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ቀሩ እንጂ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሳይቀሩ የሚጠቅሷቸው ሰው ነበሩ። ሲኒየር የሆኑት በ1951፣ በ79 ዓመታቸው ነው። ከዚያም በኋላ በ1961 እስኪሞቱ ድረስ ሥራቸውን አልተዉም።

ወንበር መልቀቅ ሲባል ግን ፖለቲካ ይከተላል፤ ተተኪውን የሚያጨው በዚያን ጊዜ ሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ነውና። የአራተኛው ሰርኪዩት ዳኛ ጄምስ ዊን፣ የኦባማ ተሿሚ፣ ተተኪያቸው ሲሾም ሲኒየር ለመሆን በ2024 መጀመሪያ አሳውቀው ነበር። ባይደን ያጩት ሰው በሴኔቱ ሳይጸድቅ ምርጫውን ትራምፕ አሸነፉ። ዊን በዲሴምበር ለባይደን ደብዳቤ ጻፉ፦ ሐሳቤን ለውጫለሁ፣ ወንበሬ ላይ እቆያለሁ የሚል። ሪፐብሊካኖች ተቆጡ፤ ይሁንና ዳኛው ሲኒየር የሚሆኑበትን ቀን የሚቆርጥላቸው ሌላ ሰው የለም።