ቴምፐርድ መስታወት ምንድን ነው? (የዓሣ አኳሪየሙን ለፊልተር፣ ማለት ለውሃ ማጣሪያ፣ ቧንቧ ልብሳ ለሚል ሁሉ)

ዛሬ ደግሞ አንዱ «ቴምፐርድ ማለት ጠንካራ መስታወት ነው፣ ጥሩ የዳይመንድ ቢት (የአልማዝ ጫፍ ያለው መሰርሰሪያ) ይዘህ ውሃ እያፈሰስክ ቀስ ብለህ ከበሳኸው ምንም አይልም» ሲል አየሁ። አይበሳም ወንድሜ! ቀስ ብትልም አይበሳም።

ሰውን ያሳሳተው «ጠንካራ» የምትለዋ ቃል ናት። መስታወቱ ያው ተራው መስታወት ነው፣ ከ600 ዲግሪ በላይ አግለውት በአየር ባንዴ ያቀዘቅዙታል፣ ፊቱ ቀድሞ ይረጋል፣ ሆዱ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ልኮማተር ሲል ፊቱን ይጎትተዋል፣ እንደዛው ፊቱ ተጨምቆ ሆዱ ተወጥሮ ይቀራል። ገመድ ጉተታ በለው። ሁለቱ ወገን እኩል ከጎተቱ ገመዱ ንቅንቅ አይልም፣ ከሩቅ ላየው ዝም ብሎ የተዘረጋ ይመስላል። እስቲ መሀሉን በቢላ ቁረጠው፣ ቀስ ብለህ ስለቆረጥክ ጎታቾቹ ቀስ ብለው ነው የሚወድቁት? ቢላውን ውሃ ብትነክረውስ? የዳይመንድ ቢትና ውሃ የሚጠቅመው ለተራው መስታወት ነው፣ ቴምፐርዱ ግን የተጨመቀውን ፊት አልፈህ ሆዱ ጋ ስትደርስ እንደ መኪና የጎን መስታወት ይበተናል።

በምን ይለያል? መጫር አይለየውም፣ ጭረት የመቋቋም አቅሙ እንደ ተራው ነውና። ውፍረትም አይናገርም። የጎታቾቹን የክንድ ደም ስር የሚያሳይህ ፖላራይዝድ ብርሃን (ሞገዱ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን) ነው። ኤልሲዲ ላፕቶፕህን ሙሉ ነጭ ስክሪን አድርግና ፖላራይዝድ የፀሐይ መነፅር ይዘህ ስክሪኑ እስኪጠቁር አዙረው፣ ከዛ መስታወቱ በመሀል ይግባ። ተራ ከሆነ እንደጠቆረ ይቆያል፣ ቴምፐርድ ከሆነ መስመር ወይ ነጠብጣብ ወይ ደመና የመሰለ ብርሃን ይወጣል። ምንም ካላየህ ቶሎ አትደሰት፣ ላፕቶፑንም መነፅሩንም እኩል 45 ዲግሪ አዙረህ ድገመው፣ አንዳንዱ ውጥረት ባንድ አቅጣጫ ይደበቃል። ደሞ በዓይንህና በስክሪኑ መሀል አንድ መስታወት ብቻ ይኑር፣ ለጎኑ ላፕቶፑን ደረቁ አኳሪየም ውስጥ አስገባው፣ ለታችኛው ከስር አድርገህ ከላይ እይ።

እያንዳንዱን ገፅ ለየብቻ ፈትን፦ ብዙ የፋብሪካ አኳሪየም ታችኛው ብቻ ቴምፐርድ ሆኖ ጎኑ ተራ ነው። «ታች ቴምፐርድ» የሚል ስቲከር ስለ ጎኑ አያወራም፣ ስቲከር አለመኖሩም ምንም ማረጋገጫ አይደለም። አክሪሊክ ከሆነ ደሞ በዚህ ፍተሻ የቀስተ ደመና ቀለም ሊያሳይህ ይችላል፣ እሱ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ ይበሳል።

ቴምፐርድ ላይ ቀዳዳ የሚወጣው እሳት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ያለቀለትን የገዛህ ሰው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ፊልተር ፈልግ።