የገብሱ ባሮን፦ የባሕር ኃይል ሐኪሙ ታካኪ ካኔሂሮ

ታካኪ ካኔሂሮ (1849–1920) የጃፓን ባሕር ኃይል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ቤሪቤሪ የተባለውን ገዳይ በሽታ፣ ትክክለኛ መንስኤው ገና ሳይታወቅ፣ የመርከበኞችን ምግብ በመለወጥ ብቻ ከመርከቦች ያስወገዱ፣ በቶኪዮም ድኾችን በነጻ የሚያክም ሆስፒታልና በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የነርሶች ማሠልጠኛ ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ስለ እርሳቸው በአማርኛ የተሟላ ጽሑፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ ይህ ዳሰሳ ተዘጋጅቷል፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። የሩቅ ባሕር መርከበኞች ታሪክ ለጎጃም አንባቢ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፣ በጣና ዙሪያ ያለው ገበሬ እህል የሰውን እግር ሊይዝ እንደሚችል ከጓያ የተማረ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ታካኪ የተወለዱት በደቡባዊቷ የኪዩሹ ደሴት፣ ዛሬ ሚያዛኪ በሚባለው አውራጃ፣ ለሳትሱማ መሳፍንት ከሚያገለግል ዝቅተኛ ማዕረግ ካለው የሳሙራይ ቤተሰብ ነው። በ1868 በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት በሐኪምነት ዘመቱ፤ ከዚያም በካጎሺማ ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከዊልያም ዊሊስ ዘንድ የአውሮፓን ሕክምና ተማሩ። በ1872 ባሕር ኃይሉን ተቀላቀሉ።

ባሕር ኃይሉ በ1875 ወደ ለንደን ልኳቸው እስከ 1880 ድረስ በሴንት ቶማስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሩ። ይህ ሆስፒታል ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 የነርሶችን ትምህርት ቤት ያቋቋመችበት ስለነበር፣ ታካኪ ሠልጥና ታማሚ የምትጠብቅ ሴት ምን ያህል ሕይወት እንደምታድን በየክፍሉ እየተዘዋወሩ ያዩት በዚያ ነው። ሌላም ነገር አስተዋሉ፦ በአገራቸው የሆስፒታሉን አልጋ የሚሞላው ቤሪቤሪ በለንደን አልጋዎች ላይ አልነበረም። ሲመለሱም በቶኪዮ የባሕር ኃይሉን ሆስፒታል እንዲመሩ ተሾሙ።

ቤሪቤሪ በጃፓንኛ «ካኬ» ይባላል፤ ቃሉ ሲጻፍ እግር የሚለውን ምልክት ይይዛል። በሽታው ከእግር መዛል፣ ከመደንዘዝና ከእብጠት ይጀምርና ወደ ልብ ሲደርስ በአጭር ጊዜ ይገድላል። በ1882 በባሕር ኃይሉ ከነበሩት 4,769 ሰዎች 1,929 ያህሉ ታመዋል፤ ከ100 ሰው 40 ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ያለ ጦር መርከቡ ቢኖረውም የሚያንቀሳቅሰው ሰው የለውም። የዘመኑ ሐኪሞች አንዳንዶቹ የአየሩን እርጥበት፣ ሌሎቹ ደግሞ በዚያን ጊዜ አዲስ እውቀት የነበሩትን ተሐዋስያን ይወነጅሉ ነበር።

ታካኪ ግን መዝገብ ማገላበጥ መረጡ። በአንድ መርከብ ላይ፣ አንድ አየር እየተነፈሱ፣ መኮንኖቹ እምብዛም ሳይታመሙ ተራ መርከበኞች ይረግፋሉ። ልዩነቱ ምግባቸው ነበር። ባሕር ኃይሉ ለወጥ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለመርከበኛው በእጁ ይሰጥ ስለነበር፣ የድኻ ልጅ የሆነው መርከበኛ ገንዘቡን ለቤተሰቡ ቆጥቦ ሆዱን በተፈተገ ነጭ ሩዝ ብቻ ይሞላል። ከአገሩ ርቆ ደመወዙን ለእናት አባቱ የሚልክ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ይህ ነገር ሳይብራራ የሚገባ ይመስለናል። ነጭ ሩዝ በዚያ ዘመን የክብር ምግብ ነበር፤ ገብስ የተቀላቀለበት የድኾችና የእስረኞች ድርሻ ነበር።

በታኅሣሥ 1882 ሪዩጆ የተባለችው የሥልጠና መርከብ 376 ሰዎች ይዛ በኒውዚላንድ፣ በቺሊና በፔሩ አድርጋ ለመመለስ ወጣች። ከዘጠኝ ወር ጉዞ በኋላ ስትመለስ 169 ሰዎች ታመው 25 ሞተው ነበር። በሃዋይ ቆማ ሩዙን በሥጋና በአትክልት ስትለውጥ የቀሩት ሕሙማን ማገገማቸው ለታካኪ ትልቅ ማስረጃ ሆነ። በ1883 የባሕር ኃይሉ የሕክምና መምሪያ ኃላፊ የሆኑት ታካኪ፣ ጹኩባ የተባለች ሌላ መርከብ በዚያው መንገድ፣ ነገር ግን ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዳቦ፣ አትክልትና የታሸገ ወተት ጭና እንድትሄድ ጠየቁ። ወጪው ከባድ ስለነበር ጉዳዩ እስከ መንግሥት ግምጃ ቤት ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ከንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ፊት ቀርበው ሐሳባቸውን አስረዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በዚሁ በሽታ የተሠቃዩ ስለነበሩ ለነገሩ ጆሯቸውን መስጠታቸው አያስደንቅም።

ጹኩባ በየካቲት 1884 ወጣች። ከ330 በላይ ከሚሆኑት ተሳፋሪዎቿ የታመሙት 14 ያህል ብቻ ሲሆኑ (ቁጥሩን ወደ 16 የሚያደርሱትም አሉ) አንድም ሰው አልሞተም፤ ከታመሙትም አብዛኞቹ ሥጋውን ወይም ወተቱን አንበላም፣ አንጠጣም ያሉ ነበሩ። ሐኪሙ ግምጃ ቤቱን በወጪ አስቸግረው የውጤቱን ቴሌግራም እንዴት እንደጠበቁ መገመት አያዳግትም።

ሥጋና ዳቦ ግን ለመርከበኛው አልተስማሙትም። ዳቦውን ወደ ባሕር ይወረውሩ ነበር የሚል ወግ አለ፤ እውነትም ይሁን ማጋነን፣ ታካኪ በ1885 ወደ አገር ቤቱ ገብስ ተመለሱ፤ ሩዝና ገብስ እኩል ተቀላቅሎ እንዲቀቀል አደረጉ። በዚያ ዓመት በባሕር ኃይሉ ከነበሩት 6,918 ሰዎች በቤሪቤሪ የታመሙት 41 ብቻ ነበሩ፤ የሞተ አልነበረም። «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚለውን ብሂል የጮቄ ተራራ ነዋሪ ያለ ማስረጃ ሲናገረው ኖሯል፤ ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የታካኪ መዝገብ ከዚህ የተሻለ ምስክር ሊሆን አይችልም። የዛሬው የጃፓን ባሕር ኃይል የሚታወቅበት ካሪ ወጥም ከዚህ የምግብ ለውጥ የመጣ ነው ይባላል፤ ይህ ግን እርግጠኛ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ታካኪ መፍትሔውን እንጂ ምክንያቱን አላወቁም ነበር። በምግቡ ውስጥ የናይትሮጅንና የካርቦን መጠን ስላልተመጣጠነ፣ በሌላ አነጋገር ፕሮቲን ስላነሰ፣ በሽታው ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ትክክለኛው ምክንያት ሩዙ ሲፈተግ አብሮ የሚወገደው ታያሚን የተባለው ቪታሚን መጉደሉ ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር በጠራ መልኩ የተገኘው በ1926 ነው። በዚህ ረገድ ቤሪቤሪና ጓያ ይለያያሉ፦ በቤሪቤሪ ሕመምን የሚያመጣው ከእህሉ የጎደለው ሲሆን፣ በጓያ ደግሞ በእህሉ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ነው። ጓያ ድርቅንም ረግረግንም ስለሚችል ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመት ማዕዱን ይሞላል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በተለይ ወጣት ወንዶችን ከወገብ በታች ያሽመደምዳል። የተሽመደመደ እግር አይመለስም። ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎና ውሃውን ደፍቶ መብላት ግን መርዙን ይቀንሳል። በባሕር ዳር ገበያ ከፎገራ የሚመጣው ነጭ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ በሚሆንበት በዚህ ዘመን የመፍተግ ጉዳይ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

የምድር ጦሩ ሐኪሞች የታካኪን ሥራ አልተቀበሉም። በጀርመን የሕክምና ትምህርት የተቀረጹት እነዚህ ሐኪሞች፣ በደራሲነቱ የበለጠ የሚታወቀው ሞሪ ሪንታሮ ጭምር፣ ምክንያቱ በቤተ ሙከራ ያልተረጋገጠን ፈውስ ሳይንስ ብለው መጥራት አልፈለጉም። በ1904–1905 በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ወደ 27,000 የሚጠጉ የምድር ጦር ወታደሮች በቤሪቤሪ ሲሞቱ፣ የባሕር ኃይሉ ሕሙማን ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ጥፋቱ የሞሪ ብቻ ነው ወይስ የመላው የምድር ጦሩ የሕክምና መምሪያ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ገብሱ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው በተመለሱ ነበር ማለት ግን አያከራክርም።

ከመርከብ ውጭ የሠሩት ሥራም ቀላል አልነበረም። በ1881 ከባልደረቦቻቸው ጋር የሐኪሞች ማኅበርና የሕክምና ማሠልጠኛ አቋቋሙ፤ ይህም አድጎ የዛሬው የጂኬይ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በ1882 በበጎ አድራጊዎች መዋጮ ለድኾች ሆስፒታል ከፈቱ፤ በ1887 በእቴጌይቱ ጥበቃ ሥር ሆኖ ጂኬይ፣ ማለትም የምሕረትና የፍቅር ቤት፣ ተባለ። በ1885 ደግሞ የነርሶች ማሠልጠኛው ተጀመረ፤ አሜሪካዊት መምህርት ሜሪ ሪድም በዚያ አስተምራለች። የተቋሙ መርሕ ሐኪም በሽታውን ሳይሆን በሽተኛውን እንዲያይ ያዛል። ስለ ታካኪ ሲጻፍ ይህ ክፍል በሁለት መስመር መታለፉ የተለመደ ነው፤ በገጠር ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ግን ከመርከቦቹ ታሪክ እኩል ያየዋል።

ከባሕር ኃይሉ በ1892 ተሰናበቱ። በ1905 የባሮንነት ማዕረግ ሲያገኙ ሕዝቡ በፍቅርም በቀልድም «የገብሱ ባሮን» አላቸው። በ1906 ወደ ተማሩበት ሴንት ቶማስ ተመልሰው ስለ ባሕር ኃይሉ የጤና አጠባበቅ ንግግር አደረጉ። በ1920 በቶኪዮ ዐረፉ። ሆላንዳዊው ሐኪም ክርስቲያን አይክማን የቪታሚንን ነገር ለማወቅ ባበረከተው ሥራ በ1929 የኖቤል ሽልማት ሲካፈል ታካኪ በሕይወት አልነበሩም። እንግሊዞች በ1959 በአንታርክቲካ ጠረፍ ላይ ለቪታሚን ተመራማሪዎች መታሰቢያ የቦታ ስሞች ሲያወጡ፣ ለአይክማን ከተሰጠው ቦታ ብዙም ሳይርቅ ወደ ባሕር የገባውን አንድ አምባ ታካኪ ብለውታል።