«አርጅቷል፣ ይጣል» ከማለት በፊት፦ ስለ አሮጌ ኮምፒውተሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምፒውተር እንደ ሰው ሁለመናው አብሮ አያረጅም። ፕሮሰሰሩ አሥራ አምስት ዓመት ሠርቶ ምንም ያልሆነ ማሽን፣ ሀርድ ዲስኩ እያቃሰተ፣ ፋኑ በአቧራ ታፍኖ፣ የሰዓቱ ባትሪ ደግሞ ከዓመታት በፊት አልቆ ይገኛል። ባለቤቱ ግን የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «አርጅቷል»። አሮጌ ማሽን ስጠግን ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኮምፒውተር በቆየ ቁጥር እየዘገየ ይሄዳል»

ፕሮሰሰር እንደ ጫማ አያልቅም። በተገዛበት ቀን በሰከንድ ይሠራ የነበረውን ስሌት ዛሬም ይሠራል። የተለወጠው የምንጭንበት ነገር ነው፤ ድረ ገጹ ከብዷል፣ ፕሮግራሙ ሰፍቷል፣ ማሽኑ ሲበራ ማንም ሳይጠራቸው አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች በዝተዋል።

በእርግጥ የሚያዘገዩት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሙቀት ነው። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ የፋኑ አየር የሚወጣበት ስስ የብረት ክንፍም በአቧራ ይደፈናል። ፕሮሰሰሩ ሲግል እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ሆን ብሎ ይቀንሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሲከፈት ደህና የነበረው ማሽን ከሩብ ሰዓት በኋላ ፋኑ እየጮኸ መንቀራፈፍ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ስትፈቱት፣ ከፋኑ ጀርባ የተጋገረው አቧራ በወረንጦ ሲያዝ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተገሽልጦ በአንድ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው ሀርድ ዲስኩ ነው። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ በሚሽከረከር ሳህን ላይ የሚያነበው ክንድ የተፈለገው ቦታ እስኪደርስ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ትንሽ ይመስላል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ግን የሚያነበው እዚህም እዚያም የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ የማከማቻ ዓይነት ተንቀሳቃሽ አካል ስለሌለው ለዚያው ሥራ የሚያስፈልገው የአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ማረጋገጥ የፈለገ ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ታስክ ማናጀርን፣ ማለትም የትኛው ክፍል ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ይክፈት። ዲስኩ 100 ከመቶ ላይ ተጣብቆ ፕሮሰሰሩ 10 ከመቶ ላይ ከተኛ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። በአሮጌ ማሽን ላይ አንድ ዕቃ ብቻ ቀይር ብባል ሳላመነታ ዲስኩን በኤስኤስዲ እቀይራለሁ።

«ሚሞሪው ስለሞላ ነው፣ ፎቶዎቹን ላጥፋቸው»

እዚህ ያሳሳተን ቃሉ ነው፤ ራሙንም ማከማቻውንም «ሚሞሪ» እንላቸዋለን። ራም የሚይዘው በዚያች ሰዓት የተከፈተውን ሥራ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። የሠርግ ፎቶ ማጥፋት ለራሙ ምንም አይጨምርለትም። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ዊንዶውስ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ካጣ ያን ጊዜ ማጥፋቱ ይረዳል።

ራም ለመጨመር የወሰነ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው ወይስ 64 ቢት ብሎ ይይ። 32 ቢት የሆነው የቤትና የቢሮ ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም። 8 ጊጋባይት አስገብተው 3 ነጥብ ምናምን ብቻ ሲያነብ «የተበላሸ ራም ሸጡልኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው።

«ሪፍሬሽ ሲደረግ ይፈጥናል»

አይፈጥንም። ዴስክቶፑ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ሪፍሬሽ ማለት ምስሎቹን እንደገና ከመሳል በቀር ሌላ ሥራ የለውም። አምስቴ ደጋግሞ መጫንም ያው ነው። ልማዱ ግን ጣት ላይ ተጣብቋል፤ እኔም አልፎ አልፎ ራሴን እይዘዋለሁ።

«ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለሰው ቫይረስ ስላለበት ነው»

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ኢንተርኔቱ ተያይዟል፣ አንድም ድረ ገጽ ግን አይከፍትልኝም» ብላ ዴስክቶፕ አመጣችልኝ። ቀደም ብሎ ያየላት ሰው ፎርማት መደረግ አለበት ብሏታል። ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ቀን አየሁት፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ይላል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ራሱን 2009 ላይ ካስቀመጠ፣ የዛሬው ሰርተፊኬት ለእሱ ገና አልተሰጠም፤ ስለዚህ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል። መድኃኒቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ክብ ባትሪ ቀይሮ ቀኑን ማስተካከል ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልወሰደም፤ ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ የዓመታት ፋይሏ አብሮ በጠፋ፣ ሰዓቱም እንደገና ወደ 2009 በተመለሰ ነበር።

«ኢንተርኔት ስለሌለው ቫይረስ አይነካውም»

ፍላሽስ? አቃፊዎቹ በሙሉ ወደ ሾርትከት የተለወጡበት ፍላሽ ያላጋጠመው ሰው ጥቂት ነው። በ2008 መጨረሻ ብቅ ያለው ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ በኔትወርክም በፍላሽም ሲዛመት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ይዟል። በ2010 የተደረሰበት ስተክስኔት የተባለ ቫይረስ ደግሞ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ወደነበረው የኢራን ናታንዝ የኒውክሌር ማዕከል የገባው በፍላሽ በኩል እንደሆነ ይታመናል። ኢንተርኔት የሌለው ማሽን አደጋው ይቀንሳል፤ ግን አንቲቫይረሱም አፕዴት ስለማይደረግ፣ አንዴ የገባበት ቫይረስ ሳይታይ ለዓመታት ሊቆይና ለሚሰካበት ፍላሽ ሁሉ ሊያድል ይችላል።

«ዊንዶውስ 10 ስለተቋረጠ ኮምፒውተሩም አበቃለት»

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። በማግስቱ ማሽኖቹ እንደ ወትሮው ተነሥተዋል። የቆመው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደኅንነት ጥገና ነው። ችግሩ የሚብሰው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና በአብዛኛው ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የወጡ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ ነው፤ ፈጣን የሆነ የ2015 ማሽንም በዚህ መስፈርት ይወድቃል።

ተቃራኒው ስሕተት ግን ይብሳል፦ «ይኸው እየሠራ አይደል፣ ምን ይሆናል?» በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰውን፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ አስታውሱ። ብዙዎች ተጠቂው ዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ ይመስላቸዋል፤ አብዛኞቹ የተያዙት ግን በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ነበሩ። ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች፣ ተለቅቆላቸው ነበር። አፕዴት ያደረገው ዳነ፣ ያላደረገው ተያዘ።

ለብሮውዘርና ለጽሑፍ ብቻ የሚያገለግል ማሽን ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃ ሥርዓት ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት፣ ብዙ ዓመት ይጨምርለታል። ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከርም ይቻላል። የሒሳብ ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ወይም ፕሪንተሩ አልታይ ካለ ግን አይመከርም።

«በአሮጌ ኮምፒውተር የሚሠራ ድርጅት ኋላ ቀር ነው»

የአሜሪካ አየር ኃይል የኒውክሌር ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት ሥርዓት እስከ 2019 ድረስ የሚጠቀመው 8 ኢንች ስፋት ባለው ፍሎፒ ዲስክ ነበር፤ ኮምፒውተሩ የ1970ዎቹ አይቢኤም ነው። ቦይንግ 747-400 አውሮፕላኖችም የበረራ መረጃቸውን በየ28 ቀኑ በፍሎፒ ሲቀበሉ ኖረዋል። ስንፍና አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ ኮምፒውተሩ የትልቁ ማሽን አንድ ዕቃ ነው፤ እሱን መቀየር ሁሉንም እንደገና ፈትሾ ማጽደቅን ይጠይቃል። ብረት የሚቆርጥ ውድ ማሽን ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ከታዘዘ፣ ኮምፒውተሩ ስላረጀ ብቻ ማሽኑን የሚቀይር የለም።

የሚያሰጋው መለዋወጫው ነው። ሶኒ ፍሎፒ ማምረት ያቆመው በ2011 ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ዛሬ፣ እየሠራ ሳለ፣ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ሌላ ቦታ ያስቀምጥ። ሀርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ በኋላ የሚደረግ ኮፒ እንደ ዕድል ነው።

«ፎርማት አድርጌዋለሁ፣ ልሸጠው እችላለሁ»

ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ ፋይሉን አይደለም፤ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ብዙው ተመልሶ ይወጣል። በሀርድ ዲስክ ላይ ሙሉውን አንዴ በዜሮ መሙላት ይበቃል። ለኤስኤስዲ አምራቹ ያዘጋጀውን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም ይሻላል። ማሽኑ ጨርሶ የማይነሣ ከሆነም ዲስኩ በጥቂት ብሎን ነው የታሰረው፤ ፈትቶ ማስቀረት ይቻላል፣ ቀሪው ያለ እሱም ገዢ አያጣም።